አሥራ ሰባቱን የመለየት ሙያ

አዳራሹ ረጅም ነው። ከዳር እስከ ዳር የተደረደሩት ከፕላስቲክ የተሠሩ ትልልቅ ሣጥኖች ናቸው፤ ሣጥን ከሣጥን ተያይዞ፣ ረድፍ ከረድፍ ጎን ቆሞ፣ ዓይን እስኪደክም ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ አንዲት ትንሽ ሞተር ተተክላ መቅዘፊያ ታሽከረክራለች። የነጭ ጋዝ ሽታ ከአሲድ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይይዛል። በሣጥኖቹ ውስጥ ሁለት ፈሳሾች አሉ፤ ከታች ውኃማው፣ ከላይ ዘይታማው። ከረድፉ አንድ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሌላው ለሚራመድ ሰው ቀለሙ ቀስ እያለ ይለወጥበታል። እዚህ አረንጓዴ የነበረው ፈሳሽ መሐል ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል፤ ወደ ማዶው ጫፍ ሲጠጋ ሐምራዊ ይሆናል። አረንጓዴው ፕራሲዮዲሚየም ነው፤ ሐምራዊው ኒዮዲሚየም።

መጠናቸውና ዕድሜያቸው ይለያይ እንጂ እንዲህ ያሉ አዳራሾች በቻይና በባኦቱና በጋንጆ፣ በማሌዥያ በኩዋንታን አቅራቢያ፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያው ማውንቴን ፓስ ይገኛሉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ተፈጥሮ ቀላቅላ ያስቀመጠቻቸውን፣ በባሕርያቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ ነጥሎ ማውጣት። ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሚባሉት 17 ናቸው፤ ከላንታነም እስከ ሉቲሺየም ያሉት 15ቱ፣ በእነሱ ላይ ስካንዲየምና ይትሪየም።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ጎዳና የራቀ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የዕለት ተዕለት እይታ ሆኗል። የአብዛኞቹ ሞተር የሚዞረው ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን በተሠራ ማግኔት ኃይል ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማሳቶ ሳጋዋ በጃፓን፣ ጆን ክሮት በአሜሪካ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከሩ የደረሱበት ይህ ማግኔት ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ብርቅዬ ማዕድን ነው። በአንድ መኪና ሞተር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚሆን ይገባል። ሞተሩ ሲግል ማግኔቱ ኃይሉን እንዳያጣ ደግሞ ጥቂት ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም ይጨመርበታል። መርካቶ የሚሸጠው ላይተር ብልጭታ የሚሰጥበት ድንጋይ፣ በሆስፒታል የኤምአርአይ ምርመራ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት፣ የኢንተርኔቱን ብርሃን በባሕር ሥር ኬብል ውስጥ የሚያጎላው ኤርቢየም፣ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ስለነዚህ ማዕድናት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቁፋሮ ነው፤ የትኛው አገር ስንት ሚሊዮን ቶን እንዳለው፣ የትኛው ኩባንያ የት ፈቃድ እንዳገኘ። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ከቁፋሮው በኋላ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ከእነዚህ መካከል እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዱ የሆነው ቱሊየም እንኳ ከብር ይበልጣል። አፈሩ በብዙ አገር አለ። ከአፈሩ ውስጥ አንዱን ከሌላው ለይቶ በ99.9 በመቶ ጥራት ማውጣት የሚችለው ግን ጥቂት ነው፤ የዛሬው የዓለም ፖለቲካ በእነሱ የሚተራመሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነታቸው የት ላይ ነው

ወርቅን ከአሸዋ መለየት ይቻላል፤ ወርቅ ይከብዳል። ብረትን በማግኔት መሳብ ይቻላል። ብርቅዬዎቹን ግን አንድ ድንጋይ ውስጥ አብረው ያገኛቸው ሰው በምን ይያዛቸው? በአሲድ ሲሟሙ ሁሉም ማለት ይቻላል ሦስት ኤሌክትሮን ጥለው አንድ ዓይነት ሙላት ያላቸው አዮኖች ይሆናሉ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ስንሄድ የሚጨመረው ኤሌክትሮን በውጭ በኩል አይቀመጥም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። የኬሚስትሪ ባሕርይ የሚታየው ደግሞ በውጭው በኩል ነው። ስለዚህ አንዱ የሚያደርገውን ሌላውም ያደርጋል፤ አንዱ በዝቃጭ ከወረደ ጎረቤቱም ይወርዳል፤ አንዱ ከሟሟ ጎረቤቱም ይሟሟል።

የቀረው ልዩነት የመጠን ነው። ፕሮቶን በተጨመረ ቁጥር የአቶሙ እምብርት ኤሌክትሮኖቹን ይበልጥ ይስባል፤ አዮኑም በጥቂቱ ይኮማተራል። የላንታነም አዮን ከመሐል እስከ ዳር 103 ፒኮሜትር ገደማ ነው፤ የሉቲሺየም 86። በ14 እርምጃ የጠበበው 17 ፒኮሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ፒኮሜትር የሜትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። የዚህ ሁሉ ፋብሪካ፣ የዚህ ሁሉ ጦርነት የሚመስል ንግድ መሠረቱ ይህቺ የአንድ ፒኮሜትር ልዩነት ናት።

ከሕጉ የሚያፈነግጡ ሁለት አሉ። ሴሪየም በአየር ሲቃጠል አራተኛ ኤሌክትሮን ስለሚጥል ከሌሎቹ ይለያል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይወጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ዩሮፒየም ደግሞ በዚንክ ሲታከም አንድ ኤሌክትሮን መልሶ ይወስዳልና እሱም በራሱ መንገድ ይነጠላል። የ1960ዎቹ ባለቀለም ቴሌቪዥን ቀይ ብርሃኑን ያገኘው በዚህ መንገድ ከወጣ ዩሮፒየም ነበር። ሌሎቹን መለየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የትዕግሥት ዘመን

በ1787 ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ የስዊድን መኮንን ከስቶክሆልም ብዙ በማይርቅ ይተርቢ በሚባል የድንጋይ ካባ ውስጥ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አነሳ። ከሰባት ዓመት በኋላ ዮሃን ጋዶሊን የተባለ የፊንላንድ ኬሚስት ድንጋዩን መርምሮ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ኦክሳይድ አገኘበት። አንድ ነገር የተገኘ መሰለው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኬሚስቶች የአንድ ሙሉ ምዕተ ዓመት ሥራቸው አንድ የመሰለውን መበተን ሆነ። ካርል ጉስታፍ ሙሳንደር ከሴሪየም ላንታነምን፣ ከላንታነም ደግሞ ዲዲሚየም ያለውን አወጣ። ዲዲሚየም ለ40 ዓመታት እንደ አንድ ንጥረ ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ ቆየ። በ1885 ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ሁለት መሆኑን አሳየ፤ አረንጓዴ ጨው የሚሰጠው ፕራሲዮዲሚየምና ሐምራዊው ኒዮዲሚየም።

ቬልስባክ የተጠቀመበት ዘዴ የዘመኑ ሁሉ ዘዴ ነበር። ቅልቅሉን በሙቅ ውኃ ማሟሟት፣ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ፣ ቀድሞ የሚረጋውን ክሪስታል ከቀረው ፈሳሽ መለየት፤ ከዚያ ክሪስታሉን እንደገና አሟሙቶ እንደገና ማርጋት። አረቄ አውጪ ሴት የመጀመሪያውን መልሳ ወደ ጋን አስገብታ ዳግም ስታወጣው እንደሚጠነክረው ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ዙር ጥቂት ያጠራል። ልዩነቱ አረቄ በሁለተኛው ዙር ዳግም ይሆናል፤ ቱሊየም ግን አይሆንም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ደራም በምትባል ትንሽ ከተማ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የእንግሊዝ ተወላጅ ቻርልስ ጄምስ በ1911 ንጹሕ የቱሊየም ውህድ ለማግኘት ወደ 15,000 ጊዜ የሚደርስ የማርጋት ሥራ አከናውኗል። ሳህን ከሳህን ተደርድሮ፣ ከዚህኛው ክሪስታሉ ወደ ግራ፣ ፈሳሹ ወደ ቀኝ እየተላለፈ፣ ቀን ቀንን እየተካ። ጄምስ ያጠራቸውን ጨዎች በሌላ አገር ላሉ ተመራማሪዎች ይልክ ነበር፤ የብዙዎቹ ሥራ የቆመው በእሱ ጠርሙሶች ላይ ነው። የዚህ ሰው ስም ከኬሚስቶች ክበብ ውጭ አለመታወቁ ያሳዝነኛል።

ሌላው የዘመኑ ስቃይ ሥራው መቼ እንዳለቀ አለማወቅ ነበር። ዛሬ አንድ የመሰለው ነገ ሁለት ይሆን ይሆናል። ይህን የፈታው ኬሚስት አልነበረም፤ ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በ1913 እና በ1914 ንጥረ ነገሮች በሚሰጡት ኤክስሬይ ተራ ቁጥራቸውን ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ኡርባን ለረጅም ዓመታት ሲያጠራቸው የኖራቸውን ናሙናዎች ይዞ ኦክስፎርድ ድረስ ሄደ፤ ሞዝሊ ዓመታት የፈጀውን ጥያቄ በቀናት ውስጥ መለሰለት። ሞዝሊ በቀጣዩ ዓመት በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ሞተ፤ 27 ዓመቱ ነበር።

ቬልስባክ ግን ገና ንጹሕ ሳይወጣም ገንዘብ ማግኘት እንደሚቻል የተረዳ ሰው ነበር። በ1891 ከቶሪየምና ከጥቂት ሴሪየም የሠራው ነጭ የመብራት ከረጢት የአውሮፓን ጎዳናዎች አበራ። በ1903 ደግሞ ሳይለያዩ የቀሩትን ብርቅዬዎች ከብረት ጋር ቀላቅሎ የላይተር ድንጋይ አደረጋቸው። ያልተለየው ቅልቅል እስከ ዛሬም ድረስ ለላይተር ያገለግላል።

ሣጥኖቹ እንዴት ይሠራሉ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነገሩን አፋጠነው። የአቶም ቦምብ ሥራ ውስጥ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚወጡት ፍርስራሾች ብዙዎቹ ብርቅዬዎቹ ስለነበሩ መለየታቸው የግድ ሆነ። በ1945 በኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ በተፈጥሮ ማዕድን ውስጥ ሊገኝ ያልቻለው ፕሮሚቲየም በአዮን መለዋወጫ ዘዴ ተለይቶ ታወቀ። በአይዋ ግዛት ፍራንክ ስፔዲንግና ባልደረቦቹ ይህንኑ ዘዴ አሳድገው፣ በረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ በተሞላ ሙጫ መሰል ፍሬ ላይ ፈሳሹን እያወረዱ፣ ቀድሞ በግራም የሚለካውን ንጹሕ ብርቅዬ በኪሎ ማውጣት ቻሉ። ይህ ዘዴ ዛሬም እጅግ ከፍተኛ ጥራት ለሚፈለግበት ጥቂት ምርት ይሠራበታል። በሺህ ቶን ለሚመረተው ግን የመጣው ሌላ ነው፤ መግቢያው ላይ ያየናቸው ሣጥኖች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርቅዬዎቹ በአሲድ ሟሙተው በውኃው ውስጥ አሉ። በላዩ ነጭ ጋዝ ይጨመራል፤ በነጭ ጋዙ ውስጥ ፎስፎረስ ያለበት፣ ዘይት የሚመስል አሲድ ተቀላቅሏል። መቅዘፊያው ሁለቱን ሲመታ ይህ አሲድ አዮኖቹን ከውኃው እየነጠቀ ወደ ዘይቱ ያወጣቸዋል። ትንሹን አዮን ከትልቁ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። መቅዘፊያው ካለፈ በኋላ ፈሳሹ ወደሚረጋበት ክፍል ሲገባ ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ይዘቅጣል። ዘይቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውኃው ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ቀጣዩ ሣጥን ያልፋሉ። በመጨረሻ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘይቱ ውስጥ የተያዘውን አዮን መልሶ ወደ ውኃ ያወርደዋል፤ ዘይቱም ባዶውን ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሣጥኖቹ ለምን ይበዛሉ? ስሌቱን አብረን እንሥራው። ኒዮዲሚየምንና ፕራሲዮዲሚየምን በተለመደው አሟሚ ብንለይ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ ኒዮዲሚየም የሚያገኘው ብልጫ 1.5 እጥፍ ገደማ ነው። እኩል በእኩል የነበረው ውኃ በላዩ ያለውን ዘይት 60 ለ40 ያደርገዋል። ይህን 60 ለ40 ወደ 99.9 ለማድረስ 1.5ን በራሱ እያባዛን 1,000 ገደማ እስኪደርስ መሄድ አለብን፤ 17 ጊዜ። የቀረውን ፕራሲዮዲሚየም በዚያኛው ጫፍ እንዲሁ ለማጥራት ሌላ 17። ይህ ግን ምንም ምርት ሳይወጣ፣ ፈሳሹ ሁሉ ሲመላለስ ብቻ የሚገኝ ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ምርት መውጣት ሲጀምር ቁጥሩ ለሁለቱ ብቻ ወደ መቶ ይጠጋል፤ ለሁሉም ሲደመር በመቶዎች ይቆጠራል። አዳራሹ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ንጹሕ ጠብታ እስኪወርድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በመሐል አንድ ቦታ የአሲዱ መጠን ቢዛባ ስህተቱ ከሣጥን ወደ ሣጥን እየተላለፈ መላውን ረድፍ ያበላሻል።

ከሣጥኑ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። ንጹሑ ፈሳሽ በኦክሳሊክ አሲድ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ በ900 ወይም በ1,000 ዲግሪ ሙቀት ይቃጠልና የኦክሳይድ ዱቄት ይሆናል፤ ኒዮዲሚየም ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደባልቅ፣ ኤርቢየም ሮዝ፣ ፕራሲዮዲሚየም ጥቁር የሚጠጋ ቡናማ። ለማግኔት የሚሄደው ዱቄት በቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ብረትነት ይለወጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ቬልስባክ በዚያ ሁሉ ድካም የለያያቸውን ሁለቱን፣ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ሳይለያዩ አንድ ላይ ይሸጧቸዋል፤ ማግኔት ሠሪው አብረው ቢገቡለት አይጎዳውም። ምን ያህል መለየት እንደሚገባ የሚወስነው ገዢው ነው።

የፕሮፌሰር ሹ ጥሪ

የቻይናን ቦታ ለመረዳት አንድ ሰው ማወቅ ይገባል። ሹ ጓንግሺየን በ1920 ተወለዱ። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በ1951 ጨርሰው፣ የኮሪያ ጦርነት ሁለቱን አገሮች እያጋጨ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ከባለቤታቸው ከኬሚስቷ ጋኦ ሺያኦሺያ ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሷ የጀመረችውን የዶክትሬት ትምህርት ትታ ነው የተመለሰችው። በባህል አብዮቱ ጊዜ ሁለቱም ከላቦራቶሪያቸው ተነቅለው ጂያንግሺ ውስጥ በእርሻ ሥራ ላይ ተሰማሩ። በ1972 ወደ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የተሰጣቸው ሥራ ፕራሲዮዲሚየምንና ኒዮዲሚየምን መለየት ነበር። ሹ 52 ዓመታቸው ነበር፤ እስከዚያ የሠሩት በሌሎች የኬሚስትሪ ዘርፎች ነው።

የመጀመሪያ እርምጃቸው ዘይቱ አንደኛውን ወደ ላይ ሲስብ፣ ውኃው ውስጥ የተጨመረ ሌላ ውህድ ደግሞ ሁለተኛውን ወደ ታች ይዞ እንዲያስቀር ማድረግ ነበር። በዚህ የአንድ ሣጥን ብልጫ ወደ 4 እጥፍ ደረሰ። ትልቁ ሥራቸው ግን ሒሳቡ ነው። ቀድሞ አንድ የመለያ ረድፍ ለመንደፍ ባለሙያዎች በመስታወት ማንቆርቆሪያ ፈሳሽ በእጃቸው እያናወጡ ሙሉውን ረድፍ በትንሹ መሞከር፣ ከዚያ መካከለኛ ፋብሪካ መሥራት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ መሄድ ነበረባቸው። ሹ ስንት ሣጥን እንደሚያስፈልግ፣ ዘይቱና ውኃው በምን ፍጥነት እንደሚፈሱ በወረቀት፣ በኋላም በኮምፒውተር ቀድሞ የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ አወጡ። ከስሌት በቀጥታ ወደ ፋብሪካ መሄድ ተቻለ። በ1978 ከየፋብሪካው የመጡ ባለሙያዎችን ሰብስበው ይህንኑ ሒሳብ አስተማሩ። ዕውቀቱ በአገሪቱ ሁሉ ተዳረሰ።

ውጤቱ በ1990ዎቹ ታየ። የቻይና ንጹሕ ኦክሳይድ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ ዋጋ ወረደ። ማውንቴን ፓስ የቆሻሻ ውኃ መስመሩ እየፈነዳ ካስቸገረ በኋላ የመለየት ሥራውን በ1998 አቆመ፤ በ2002 ማዕድን ማውጣቱንም ተወ። የፈረንሳይና የጃፓን አጣሪዎች ሥራቸውን ቀነሱ። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑ ይሸጣል፤ ሠራተኛው በየፊናው ይበተናል፤ ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄደው ዕውቀት ግን በገንዘብ ተመልሶ አይገዛም። ምዕራባውያን ዛሬ የሚከፍሉት የዚያን ዋጋ ነው።

ሹ በሕይወታቸው መጨረሻ የደከሙበት ጉዳይ ሌላ ነበር። በ2005 ከሌሎች 14 የሳይንስ አካዳሚ አባላት ጋር ሆነው ለመንግሥታቸው አስቸኳይ ጥሪ አቀረቡ። የባኦቱ ፋብሪካዎች አፈር የሚያገኙበት የባያን ኦቦ ማዕድን በብክነት እየተቆፈረ ነው፤ አብሮት የሚወጣው ጨረር አመንጪ ቶሪየም ባኦቱንና ቢጫውን ወንዝ እያሰጋ ነው አሉ። ኢንዱስትሪውን ያቆሙት ሰው ለኢንዱስትሪው ቆሻሻ ድምፃቸውን ከፍ ማድረጋቸውን ከሽልማታቸው ሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። ሹ በ2015 አረፉ።

ቆሻሻው የት ይሄዳል

አፈሩ ከመለያው ሣጥን በፊት በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ በመቶዎች ዲግሪ ሙቀት ይጋገራል፤ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ይቀቀላል። ቶሪየሙ የሚወጣው እዚያ ነው። ሣጥኖቹ ዘንድ ደግሞ አሲድና አሞኒያ ሲገናኙ ጨዋማ ቆሻሻ ውኃ በብዛት ይፈስሳል። በማሌዥያ ኢፖ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ቡኪት ሜራ መንደር በ1982 የተከፈተ ፋብሪካ ከቆርቆሮ ማዕድን ትርፍ አሸዋ ብርቅዬ ያወጣ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ቶሪየሙ ከቤታቸው አጠገብ መጣሉን ተቃውመው በ1985 ፍርድ ቤት ቆሙ። በ1992 ረቱ፤ በይግባኝ ተሻረባቸው፤ ቢሆንም ባለቤቱ በ1994 ዘጋው። ጽዳቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ገንዘብ እንደፈጀ ተዘግቧል። ሊናስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በ2012 በኩዋንታን አቅራቢያ ፋብሪካውን ሲጀምር ሕዝቡ አደባባይ የወጣው ያን አስታውሶ ነው። የማሌዥያ መንግሥት ቶሪየም የሚወጣበት ሥራ ከአገሩ እንዲወጣ በመጠየቁ ኩባንያው አውስትራሊያ ውስጥ ካልጉርሊ ላይ ሌላ ፋብሪካ ሠራ።

በደቡብ ቻይና የጋንጆ ኮረብቶች ያለው ታሪክ የባሰ ነው። እዚያ ከባዶቹ ብርቅዬዎች፣ ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም፣ በሸክላ አፈር ላይ ተጣብቀው ይገኛሉ። ኮረብታው ተበስቶ አሞኒየም ሰልፌት ይፈስስበታል፤ ከታች የሚወጣው ይጠራቀማል። የቀረው ወደ ምንጭና ወደ ሩዝ ማሳ ይወርዳል። በ2012 አንድ የቻይና ምክትል ሚኒስትር የጋንጆን አካባቢ ለማጽዳት 38 ቢሊዮን ዩዋን እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል፤ የጂያንግሺ ክልል ብርቅዬ ማዕድን ኢንዱስትሪ በአንድ ዓመት ካተረፈው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቻይና ሕጓን ስታጠብቅ ቁፋሮው ድንበር ተሻግሮ ጦርነት ወዳለበት የምያንማር ካቺን ግዛት ሄደ። አፈሩ ወደ ቻይና ይገባል፤ የተመረዘው ውኃ እዚያው ይቀራል።

በ2010 ቻይናና ጃፓን በደሴቶች ይገባኛል ሲጋጩ ወደ ጃፓን የሚሄደው ጭነት ተስተጓጎለ፤ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ዓለም ባነነች። ከዚያ ወዲህ ማዕድን ማውጣት በብዙ ቦታ ተጀምሯል፤ ከመለየት ሥራው 90 በመቶ ገደማ ግን አሁንም በቻይና ነው። በታኅሣሥ 2023 ቤይጂንግ ቀድሞ በተከለከለው የመለየት ቴክኖሎጂ ላይ የማግኔት መሥሪያ ቴክኖሎጂም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። በ1978 በክፍል ውስጥ በነፃ የተሰጠው ትምህርት አሁን በሕግ የተቆለፈ ሀብት ሆነ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ሰባት ብርቅዬዎች ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይሸጡ ስትወስን በሳምንታት ውስጥ የመኪና ፋብሪካዎች ማምረት ማቆም ጀመሩ። በግንቦት 2025 ሊናስ በማሌዥያ የለየውን ዲስፕሮሲየም ኦክሳይድ ይፋ አደረገ። በሐምሌ ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በማውንቴን ፓስ ባለቤት ኩባንያ 400 ሚሊዮን ዶላር የአክሲዮን ድርሻ ለመግዛት ተስማማ።

ከነጭ ጋዝና ከአሲድ የሚያላቅቅ መንገድ የሚፈልጉም አሉ። በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ኮትሩቮና ባልደረቦቹ በ2018 ብርቅዬዎችን መርጦ የሚይዝ የባክቴሪያ ፕሮቲን መገኘቱን አሳወቁ። በ2023 ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ያገኙት ተመሳሳይ ፕሮቲን ኒዮዲሚየምንና ዲስፕሮሲየምን በአንድ እርምጃ ለይቷል። ገና የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። በጉጂ ዞን ከቀንጢቻ ለዓመታት የወጣው ታንታለም ተጨፍልቆና ተጣርቶ ለውጭ ገበያ ይላክ ነበር። ታንታለም ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ባይሆንም፣ ከመንትያው ከኒዮቢየም የሚለይበት ዘዴ በመርሁ ከላይ ያየነው ነው፤ ሁለት የማይቀላቀሉ ፈሳሾች፣ በርካታ ደረጃዎች። ያ ሥራ የሚሠራው ባሕር ማዶ ነበር፤ ዋጋውም የሚጨመረው እዚያ ነው።

ነገ አንድ ኩባንያ በአገራችን ብርቅዬ ማዕድን አገኘሁ ብሎ ሲመጣ ስንት ቶን ነው ከማለታችን በፊት የምንጠይቀው ይኑረን። አፈሩ እስከ የትኛው ደረጃ ድረስ እዚህ ይሠራል? ቶሪየሙ የት ይቀበራል፣ ከኩባንያው በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? ቆሻሻ ውኃው የሚወርደው ወደየትኛው ወንዝ ነው? የመለየቱን ሒሳብ የሚማሩት ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች ስንት ናቸው፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲስ ያስተምራቸዋል? የማዕድን ሚኒስቴርም፣ የአካባቢው ነዋሪም፣ ጋዜጠኛውም እነዚህን ጥያቄዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።